ለክቡር ተለዋጭ ቀጠሮ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያልተወራረደ ሒሳብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ቆሜ ነው የምጽፍልዎ። የቀድሞ ወታደር ነኝና የበላዬን ተቀምጬ ማነጋገር አልለመድኩም። እርስዎ በሚገኙበት የፍርድ ቤት ግቢም ያለችውን አንዲት አግዳሚ ወንበር ማልዶ የመጣ ይዟታል። ዛሬ ጅማ ውስጥ የጡረተኛ ወታደሮች እድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ወርሃዊ መዋጮ እሰበስባለሁ፣ ደረሰኝ እቆርጣለሁ፣ ሰው ሲሞት ለቀብር እከፍላለሁ፣ በዓመቱ መጨረሻ ኦዲት ኮሚቴ ፊት ቀርቤ እያንዳንዷን ሳንቲም አስረዳለሁ። ኦሮምኛ ተናጋሪው ጎረቤቴ «ቤለማ» ይልዎታል፣ እኔ «ቀጠሮ» እልዎታለሁ፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢጠሩ ግን ራስዎ አይመጡም፣ ሌላ ቀን ይልካሉ።

የተዋወቅነው በሒሳብ ነው። አንድ አባላችን ከአጋሮ ወዲያ ተድራ የነበረች ልጁ ፍቺ ጠይቃ ለመኪና፣ ለፎቶ ኮፒና ለአቤቱታ ጻፊ የሚሆን ገንዘብ አጥታበት ለሥራ አመራሩ አመለከተ። መተዳደሪያ ደንባችን የሚከፍለው ለሞት ብቻ ነው። አንዱ አዛውንት «ትዳሩ ሞቷል፣ ይከፈላት» አሉ። ሌላው ተነሥተው «አስከሬን ሳይወጣ የቀብር አይከፈልም፤ ችሎቱ ገና ሞቷል አላለም» ሲሉ ቤቱ ጸጥ አለ። በድምፅ ብልጫ አስከሬኑ እስኪወጣ በብድር እንዲሰጣት ተወሰነ። እኔም በመዝገቤ ላይ «የቀጠሮ ወጪ» የሚል አዲስ አርእስት ከፈትኩ። የአንዷን የሰሙ ሌሎች ተከትለው መጡ። አሁን ያ አርእስት ከድንኳን ጥገናው ይበልጣል፤ አስከሬኑ ግን አልወጣም።

ወታደር ትእዛዝ ያነባልና ሕጉን ገዝቼ አነበብኩት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የዘመድ ዳኞች ጉዳይ ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺውን ወደ ፍርድ ቤት አመጣው፤ ኦሮሚያም በ1995 በአዋጅ ቁጥር 69 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። የፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 82 የተጻፈው በዘመቻ መኮንን ይመስላል። ዳኛው ባልና ሚስቱን ያነጋግር፤ ካልሆነ ወደ መረጧቸው ሽማግሌዎች ይምራቸው፤ ካልሆነ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ይስጣቸው፤ ይህም ካልሠራ በአንድ ወር ውስጥ ፍቺው ይወሰን። አቤቱታው እንደቀረበም ወዲያውኑ ስለ ልጆቹ ጥበቃና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ትእዛዝ ይሰጥ ይላል። ሦስት ወር፣ አንድ ወር፣ ወዲያውኑ። ክቡርነትዎ በዚህ አንቀጽ ውስጥ የት ቦታ እንደተሰጥዎ ደጋግሜ ፈለግሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በ1983 በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራዊት ሲበተን እኔም አንዱ ነበርኩ። ትጥቅ አስረክበን፣ ካምፕ ገብተን፣ ተመዝግበን አብዛኞቻችን በወራት ውስጥ ወደየቀያችን ተሸኘን። አገር ያን ያህል ወታደር በዚያ ፍጥነት ከበተነ፣ ሁለት ሰው ለመለያየት ምን ዓይነት ምሽግ ውስጥ ገብተው ነው?

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ የማደንቅዎ እዚህ ላይ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ጠብ ሲል ቡና ያብባል። በጎማ፣ በሊሙ፣ በማና፣ በጌራ የቸገረው ሰው ያን ጊዜ ቡናውን በአበባው ይሸጣል፤ ፍሬው ሳይታይ ገንዘቡ ይበላል። ይህን ያለፈው ደግሞ ጥቅምትን ይጠብቃል። እንግዲህ ሚስት በሚያዝያ አቤቱታ አስገባች እንበል። መጥሪያው ለባል እስኪደርስ ግንቦት ያልቃል። ባል መልስ ለማቅረብ ጊዜ ይጠይቃል፣ ሰኔ። የሽማግሌዎቹ ሪፖርት ይዘገያል፣ ሐምሌ። ነሐሴና መስከረም የፍርድ ቤት ዕረፍት ነው። ችሎቱ ሲከፈት ለቃሚዎቹ ማሳው ውስጥ ናቸው። እርስዎ ወደ ኅዳር ሲሻገሩ እሸቱ ለሰብሳቢ ተሸጧል፤ ወደ ታኅሣሥ ሲሻገሩ የቀረው ጀንፈል ሆኖ በወንድም ጎተራ ገብቷል፤ ወደ ጥር ሲሻገሩ «የጋራ ሀብቱ የት አለ?» ይባልና ባል ሁለት ባዶ እጁን ያሳያል። (ሚስት ለቅማ የምትሸጥበት ጊዜም አለ፤ ቡና ወንድ ሴት አይልም።)

ከዚህ የባሰ ብልሃት ደግሞ አለዎት። ቡና አንድ ዓመት አብዝቶ ከያዘ በቀጣዩ ይደክማል። ገማቹ ማሳውን በያዘበት ዓመት ካየው አንድ ዋጋ ይጽፋል፣ ባረፈበት ዓመት ካየው ሌላ። የሌላውን የማሳ ድርሻ የሚገዛው ወገን ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ እርስዎን እንደ ጠበቃው ይጠብቅዎታል፤ የጥብቅና ክፍያ አይጠይቁምና እንዲያውም ይሻሉታል። ድርሻ የሚገዛ ከሌለ ደግሞ በፍርዱ ቀን የቡናው እግር ተቆጥሮ ለሁለት ይከፈላል። በመካከል ያለፈውን ምርት በፈረሱላ የጻፈው ግን የለም። በእኛ ቤት ይህ «ጎደሎ» ይባላል፤ ጎደሎ የተገኘበት ገንዘብ ያዥም ከኪሱ ይተካል። ክቡርነትዎ የትኛው ኪስ ነው ያለዎት?

ስለ ልጆች ቀለብም ልንገርዎ። ምሽግ ውስጥ ሆነን ብዙ ነገር ሲዘገይብን አይቻለሁ፤ ደብዳቤ፣ ደመወዝ፣ ፈቃድ። ቀለብ ሲዘገይ ግን የሚጠየቀው አዛዡ ነበር፣ ያውም በዚያው ቀን። የሕፃን ቀለብ ሲዘገይ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሕፃኑ ጥቅም እንደሚቀድም ወስኗል፤ የሰበር ትርጉምም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስራል። እርስዎን ግን ያሰረዎት አይመስልም። ያቺ የአባላችን ልጅ መጀመሪያ ችሎት የገባችው ሕፃኑን አዝላ ነው። አሁን በእግሩ ሮጦ ይቀድማታል፤ በረንዳው ላይ ቆሞም የስም ጠሪውን ድምፅ እያስመሰለ ባለጉዳይ ያሳስቃል።

ገንዘብ ያዥ ነኝና የሌላውንም ሒሳብ እከታተላለሁ። ያ የ1992 ሕግ እንዲወጣ አጥብቀው ከወተወቱት አንዱ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር፤ ለችግረኛ ሴቶችም በነፃ ይሟገት ነበር። በ2001 በወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከገቢው ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ሆነ፤ በ2002 ደግሞ የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ታገደ። የባለጉዳዮቹ ቀጠሮ ግን አልታገደም፤ እርስዎ ቀጠሉ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2015 ሠሩ፤ በዚያም ሁሉ መካከል ክቡርነትዎ ወንበርዎን አለቀቁም።

የበጎ አድራጎት አዋጁን የተካው የ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ደግሞ ድርጅቶች ለአስተዳደር የሚያወጡት ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። እድርና እቁብን ስለማይመለከት እኛ ተርፈናል። ግን የሚመለከተው ማኅበር ውስጥ ያለ የሙያ ባልደረባዬ ግራ ገብቶት ጠየቀኝ፦ አንዲት እናት ከጌራ ገጠር ጭራ ከተማ ድረስ መጥታ፣ ይግባኝ ሲባል ጅማ ወርዳ፣ አድራ፣ «ዳኛው ስብሰባ ናቸው» ተብላ ስትመለስ የተከፈለላት ገንዘብ የዓላማ ማስፈጸሚያ ነው ወይስ የአስተዳደር? ዓላማ እንዳይባል የተፈጸመ የለም፤ አስተዳደር እንዳይባል ያስተዳደረ የለም። «በእርዳታ የተሰጠ» ብለህ በክቡር ቀጠሮ ስም መዝግበው አልኩት።

ሐቁን ላለመሸሽ፣ አንዳንዴ ያስፈልጋሉ። መጥሪያ ያልደረሰው ሰው ሊፈረድበት አይገባም፤ ተቆጥተው መጥተው በማሰላሰያው ጊዜ የታረቁም አውቃለሁ። መዝገብ ተራራ ሆኖ የተጫነበት ዳኛም የእርስዎ አሽከር እንጂ ጌታ አይደለም። እኔ የምጣላው ምክንያት ሳይኖርዎት ከሚመጡት ከእርስዎ ጋር ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለመቅጠር በቂ ምክንያት ይጠይቃል፤ ያስቀጠረውን ወገንም ኪሳራ ለማስከፈል ለዳኛው ሥልጣን ይሰጣል። ያ ሥልጣን ከመሳቢያ ይውጣ። እያንዳንዱ ተለዋጭ ቀጠሮ ምክንያቱ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ፣ ኪሳራውም በዚያው ቀን ይታሰብ። የቀለቡ ትእዛዝ አቤቱታው በቀረበ ሳምንት ይሰጥ። ክርክር ያለበት ቡና ደግሞ በደረሰኝ ይለቀም፣ በደረሰኝ ይሸጥ፣ ገንዘቡ እስከ ፍርዱ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ። ይህን የሚሠራ ሰው ከጠፋ እኛ እድር ውስጥ ሒሳብ የሚያውቁ ሥራ ፈት ጡረተኞች ሞልተናል፤ አበል አንጠይቅም፣ ቡና ከተፈላልን ይበቃናል።

ችላ ካሉን ደግሞ ደንበኛ እንዳይሸሽዎ። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ፤ የኦሮሚያ ክልልም በ2013 የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁሟል። እዚያም ቅርንጫፍ ለመክፈት እያሰቡ እንደሆነ የሰማሁት ወሬ ሐሰት ይሁን።

የእድሩን ብድር ዝርዝር ከነደረሰኙ አያይዤ ልኬያለሁ። ክፍያውን በጥሬ ገንዘብ አንቀበልም፤ በባንክ ያስገቡ። መልስዎ ከጥቅምት በፊት ይድረሰን፤ ከዚያ በኋላ ለቀማ ላይ ስለሆንን ቢሮው ዝግ ነው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
የእድሩ ገንዘብ ያዥ

ግልባጭ፦
ለእድሩ ኦዲት ኮሚቴ
ለመዝገብ ቤት (መዝገቡ ከተገኘ)
ለገማቹ ባለሙያ (ቡናው በያዘበት ዓመት እንዲደርሳቸው)