ክቡር ዘበኛ በሸሚዝ ኪስ

ጦር ኃይሎች ሰፈር ላይ ሰው የሚተረበው በሦስት ነገር ነው፤ በጫማው፣ በስልኩና ሰልፍ ላይ በያዘው ቦታ። እኔ አራተኛ ጨምሬላቸዋለሁ። ከክብሪት ቀፎ የምታንስ፣ ስክሪን የሌላት፣ ከጀርባዋ መቆንጠጫ ያላት የቻይና ኤምፒ ስሪ ሸሚዜ ኪስ ላይ ቆንጥጬ እሄዳለሁ። አራት ጊጋ ሚሞሪ፣ ጥቂት ቁልፍ፣ አንድ ሽቦ፤ አለቀ። ሥራዋ መዝፈን ነው። ሌላ ነገር ብትጠየቅ አታውቅም፤ የማታውቀው ነገር ውስጥም አትገባም። ይህን ጠባይ በሰፈሩ ከእሷ ሌላ ያየሁበት የለም።

ዘንድሮ ሙዚቃ የሚሰማው በስልክ ነውና፣ ይህችን ዕቃ ያየ ሁሉ ምላሱን ይበላዋል። የተባልኩትንም የመለስኩትንም እጽፋለሁ፤ ነጥብ ያዡ አንባቢ ነው።

የጀመረው የቤቴል ታክሲ ረዳት ነው። ሂሳብ ሊሰበስብ ጎንበስ ሲል ደረቴን አየ።

«ፋዘር፣ ይሄ የልብ መምቻ ነው እንዴ?»

«አዎ። ታሪፍ ስትጨምር እንዳይቆም ነው።»

«እኔ እንኳ ጮኼ ሰው እጠራለሁ። እሱ ማንን ይጠራል?»

«ጥላሁንን። አንዴ ተጠርቶ ይመጣል። አንተ ‹ቤቴል ቤቴል› ስትል ሃያ ደቂቃህ፤ ቤቴል አልመጣችም።»

ጋቢና ያለችው ልጅ ሳቀች። ረዳቱ መልስ ሲያጣ እኔም መልሴን አጣሁ፤ ዝርዝር የለም ብሎ ወረደ።

በነገራችን ላይ ኤምፒ ስሪ የሚባለው ነገር የተሠራው በእንዲህ ዓይነቱ ግርግር ላይ ነው። የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም መሐንዲሶች የሰው ጆሮ ደካማ ጎን እንዳለው ያውቃሉ፤ ጉልህ ድምፅ ሲመጣ በአጠገቡ ያለው አነስተኛ ድምፅ አይሰማም። ካልተሰማ ለምን ቦታ ይይዛል ብለው ያንን ቆርጠው ይጥሉታል። በዚህ ዘዴ በተለመደው 128 ኪሎ ቢት ልክ የተቀዳ ዘፈን ሲዲ ላይ ይይዘው ከነበረው ቦታ ወደ አንድ አሥራ አንደኛ ይወርዳል። ረዳቶቻችን ግን ይህን ሳይንስ ከጀርመኖቹ በፊት ደርሰውበታል። «ቤቴል!» ብለው ሲጮኹ «መልሴን ስጠኝ» የሚለው ድምፅ ይሸፈናል፤ የተሸፈነውም ይጣላል።

ቀጣዩ ተረብ ባቡር ጣቢያው ጋ ነው። መስመሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር የምዕራቡ ጫፍ ጦር ኃይሎች ሆነ፤ ከአያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ተጠቅጥቆ የመጣ ሰው እዚህ ይራገፋል፤ በመንገድ ሲጠራቀም የነበረ ምላስም አብሮት ይራገፋል። ሽቦ አልባ ማዳመጫ ጆሮው ላይ የተከለ ጎረምሳ አጠገቤ ቆመ።

«ብሮ፣ አሁንም ሽቦ አለ እንዴ?»

«እንዳይጠፋኝ ነው። ያንተ ሌላኛው ጆሮስ?»

ዳሰሰው። የለም። ባቡሩ ውስጥ ወድቋል።

«ይኸው፣ ግማሹ ዘፈን ወደ አያት እየተመለሰልህ ነው።»

ልጁ ግን እልኸኛ ነው። «አይፖድ እንኳ ሞቷል እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው። አፕል አይፖድን ያወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 ነው፤ በግንቦት 2022 ደግሞ በቃ፣ ከእንግዲህ አናመርትም አለ።

«ሃያ ዓመት ኖሮ ሞተ። ያንተ ስልክ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስምንት ወሩ።»

«በስምንት ወሩ እንዲህ ታሟል?» ስልኩ በቀጭን ገመድ ከፓወር ባንክ ጋር ተያይዞ እጁ ላይ ተጋድሟል። «ጦር ኃይሎች ሆስፒታል እዚሁ ነው፤ ግሉኮሱን እንደያዝክ አስገባው።»

«ስክሪን እንኳ የላትም!»

«ስክሪን ያለው ያንተውማ ስንጥቁ በዝቶ ማስተር ፕላን መስሏል። ክፍለ ከተማው ካየው መንገድ ይወጣበታል።»

አፕል ያን ጊዜ «1,000 ዘፈን በኪስዎ» ብሎ ነበር የተነሣው፤ 5 ጊጋ ላይ። ስሌቱ ግን በአራት ደቂቃ ዘፈን የተሠራ ነው። ይህ ለፈረንጅ ይሠራል። የኛ ዘፈን በአራተኛው ደቂቃ ገና ማሲንቆው እየተስተካከለ ነው፤ የሰርግ ዘፈን ከሆነማ ሙሽራዋ ከቤት ሳትወጣ ጊጋው ይሞላል። ከአይፖድ በፊት እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የደቡብ ኮሪያው ኤምፒማን 32 ሜጋ ባይት ብቻ ነበረው፤ የግማሽ ሰዓት ሙዚቃ። በዛሬው የማለዳ ሰልፍ ኤምፒማን ይዞ የቆመ ሰው ታክሲው ሳይመጣ ዘፈኑ ያልቅበታል።

ሰልፍ ካልን ሰልፈኛውን እንስማ። ፊቴ የቆመው ሰውዬ ዞሮ፣ እንደ ነገረ ፈጅ በየተራ ጠየቀኝ።

«ኢንተርኔት አለው?»

«ያንተስ አለው?»

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ አለፈ።

«ስልክ ይደውላል?»

«አይደውልም፤ የገዛሁትም ለዚሁ ነው። በዘፈን መሃል ‹ወንድሜ፣ ትንሽ በቴሌብር ላክልኝ› የሚል አይገባም።»

«ሚስትህ ብትፈልግህስ?»

«የት እንዳለሁ ታውቃለች። ሰልፍ ላይ ነኝ።»

«ኧረ ይሄን ሌባም አይነካውም!»

«ሌባ የማይነካው ዕቃ ነው ዕቃ። አንተ ዕቁብ ጥለህ ስልክ ትገዛለህ፤ ዕጣው ለሌባ ይወጣል።»

ሰውዬው ሳያስበው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ስልኩ አለ። የቀረውን መንገድ ግን ኪሱን ጨብጦ ሄደ፤ እኔ ሁለት እጄን አወናጭፌ።

ከሁሉም የማይገባኝ «እኔ የዓለም ዘፈን ሁሉ አለኝ» የሚለው ጉረኛ ነው። አለህ? ታዲያ የቀን ፓኬጅህ ሲያልቅ ዘፈኑ ወዴት ሄደ? በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ሲከርምስ የት ነበር? ባለቤቱ ሲጠራው የማይመጣ ንብረት የጎረቤት ንብረት ነው። የኔዋ ኔትወርክ መጣም ሄደም ወሬው አይደርሳትም፤ መብራት ቢጠፋም ከትናንት በተረፋት ቻርጅ ማታን ታሻግራለች።

ይህን ሁሉ ስናገር እትዬ (ጎረቤቴ ናቸው፤ ስማቸው ይቅር) መጡብኝ።

«ሰላም ስልህ አትሰማም! ያን ገመድ ሰክተህ ሰፈር ተዋህ!»

«እትዬ፣ የግራው ተበጥሷል፤ የሚሠራው ቀኙ ብቻ ነው። አንዱ ጆሮ ለብዙነሽ፣ አንዱ ጆሮ ለሰፈሩ።»

«ታዲያ ትናንት የዕድር መዋጮ ስልህ?»

«በቀኝ በኩል መጡ እኮ!»

«ዛሬ በግራ መጣሁ። አምጣ።»

ከፈልኩ። ይህን ዙር አንባቢ ለእሳቸው ይጻፍላቸው።

አሁን ወደ ዘፈን ጫኙ እንለፍ። በአንድ ወቅት ካሴት፣ በኋላም ሲዲ ይሸጥባት የነበረች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ዛሬ አንድ ልጅ ላፕቶፕ ይዞ ተቀምጧል። በሩ ላይ «ዘፈን እንጭናለን፣ ስክሪን እንቀይራለን፣ ፎቶ ኮፒ» ይላል። ሚሞሪዋን ነቅዬ ሰጠሁት።

«ጋሼ፣ በአራት ጊጋ ምን ይሆናል? ለሰርግ ነው ለልቅሶ?»

«ለመሃሉ።»

«ምን ልጫን?»

«የድሮ።»

«የድሮ ማለት… የ2005?»

«ጥላሁን፣ ብዙነሽ፣ ማሕሙድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፣ ሒሩት በቀለ።»

«አሃ፣ የአያቴ ፎልደር!» እውነትም ፎልደሩን «የአያቴ» ብሎ ሰይሞታል።

«አያትህ ጆሮ አላቸው፤ ሰላም በልልኝ።»

«አሁንማ አይሰሙም።»

«ያንተን ስፒከር ሰምተው ነዋ።»

ጫነልኝ። ሰባት መቶ ያህል ዘፈን፣ ግማሹ «ትራክ 01» የሚል ስም ያለው። ስክሪን ስለሌለ ማሕሙድን የፈለገ ሰው «ቀጥል»ን እየነካ ይጠብቃል፤ ማን እንደሚመጣ አይታወቅም። አንዳንዱ ዘፈን መግቢያ ላይ ደግሞ የቀዳው ልጅ የራሱን ስልክ ቁጥር ይጮኻል። ጥላሁን ገና አፉን ሳይከፍት አስተዋዋቂ ተመድቦለታል።

እስከዚህ ድረስ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር፤ ሻምበልን እስካገኝ። ሰፈሩ ስሙን ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነውና ያገኘው፣ አጥሩ ሥር ለቀጠሮ የመጡ ጡረተኞች አይጠፉም። ሻምበል የምድር ጦር ሰው ናቸው። ከዘራቸውን ወደ ደረቴ ቀሰሩ።

«ማን አለበት?»

«ጥላሁን አለ፣ ሻምበል። ብዙነሽ አለች። ማሕሙድም አለ።»

«ክቡር ዘበኛ። ሌላስ?»

«ዓለማየሁና ሒሩት።»

«እነሱ ፖሊስ ናቸው።» ትንሽ አሰቡ። «ክቡር ዘበኛንና ፖሊስን አንድ ኪስ ውስጥ ከተህ ጦር ኃይሎች በር ላይ ትቆማለህ? በታኅሣሥ 1953ም እንዲህ ነው የጀመረው!»

ታሪኩን ለማያውቅ ወጣት፦ እነጥላሁን የክቡር ዘበኛ (የንጉሡ ጠባቂ ጦር) ኦርኬስትራ፣ እነዓለማየሁ ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራ ዘፋኞች ነበሩ። የዚያን ጊዜው መፈንቅለ መንግሥት መሪ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነበሩ፤ የፖሊስ አዛዡ ጄኔራል ጽጌ ዲቡም አብረዋቸው ነበሩ። ያከሸፈው ምድር ጦርና አየር ኃይል ነው። ጥላሁን ገሠሠም የክቡር ዘበኛ ዘፋኝ በመሆኑ ለጊዜው ታስሮ ነበር። ሻምበል ያን ጊዜ ሕፃን ናቸው፤ ነገር ግን ምድር ጦር ቂሙን ከመለዮው ጋር ያስረክባል።

«ስንት ዘፈን ነው?»

«ሰባት መቶ ገደማ።»

«በኛ ጊዜ አንድ ሸክላ ነበር፤ በዚህ ገጽ አንድ ዘፈን፣ በዚያ ገጽ አንድ ዘፈን። ገንዘብ ተከፍሎበት። እሺ፣ ለነዚህ ሰዎች ራሽን ታወጣለህ?»

«አላወጣም።»

«ደመወዝ?»

«ለጫኙ ልጅ…»

«ጫኙን አልጠየቅሁህም። እነዚያ ዘፋኞች ደመወዝተኛ ነበሩ፤ በሠራዊቱ መዝገብ ላይ ስማቸው ያለ። አንተ ኪስ ውስጥ ቆልፈህ፣ ሳትከፍል፣ ሌሊት ቀስቅሰህ ታዘፍናቸዋለህ። ይሄ ኦርኬስትራ አይደለም፤ ምርኮኛ ነው።»

«ሻምበል፣ ምርኮኛ እንኳ…»

«ምርኮኛማ ራሽን አለው!»

አጥሩ ሥር ያሉት ጡረተኞች በሙሉ ሳቁ፤ አንዱ ሳል ያዘው። እኔ ይህን ተረብ ይዤ በቀጥታ ወደ ጫኙ ልጅ ሄድኩ፤ የተሰጠኝን ለሌላ ላስተላልፍ።

«ለዘፋኙ ስንት ይደርሰዋል?»

«ለዘፋኙ ዝና ይደርሰዋል።»

«ዝናውን በስንት ኪሎ ሽንኩርት ይቀይረው?»

«ጋሼ፣ እኔ ሰባት መቶ ዘፈን ስጭንልህ ዘፋኞቹን የትራንስፖርት አላስከፈልኳቸውም። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ልጁ ይቀልዳል፤ ሂሳቡ ግን ቀልድ አይደለም። ለአንድ ዘፈን የከፈልኩት ከአንድ ሳምቡሳ ያንሳል፤ የሳምቡሳው ምስር እንኳ ተከፍሎበታል። ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ጀምሮ አለ፤ በ2007 ማሻሻያ ተጨምሮበታል። ሱቁ ግን ዘፈኑን የደረደረው ከፎቶ ኮፒው ጎን ነው፤ ሁለቱንም የሚያየው በአንድ ዓይን ነው። በ2011 እነኤልያስ መልካ አውታር የሚባል መተግበሪያ ከፍተው ሰው ዘፈን በስልኩ እየገዛ እንዲሰማ ሞከሩ። ኤልያስ ግን ብዙም ሳይቆይ በመስከረም 2012 ዐረፈ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ትንሽ ከፍሎ የራስ ማድረግ። የኔዋም የምትለው ይህንኑ ነው፤ እሷ ግን ደረሰኝ የላትም።

እና ፍርዴ ይኸው። ኤምፒ ስሪዋ ከነሽቦዋ ትቀጥላለች፤ ስክሪን ባይኖራትም፣ አይፖድ ቢሞትም፣ ረዳቱ የልብ መምቻ ቢላትም። ዕዳዋ ግን የኔ ነው፤ የእሷም የጫኙም አይደለም። አንተም አንባቢ፣ ዘፋኙ በሕይወት ካለና ሥራውን የሚሸጥበት ቦታ ካለ መጀመሪያ ለእሱ ክፈል፤ ከዚያ በፈለግህበት ጫነው፣ በስልክም በፍላሽም በክብሪት ቀፎም። ይህን ሳታደርግ በሽቦዬ ልትተርበኝ ካሰብክ ግን በግራ በኩል ና፤ ቀኝ ጆሮዬ ሥራ ላይ ነው።