ስድስት ዓመት ያልሠራው ሰው

መካኒሳ በኦሮምኛ ብሳና ማለት ነው። አበው ደግሞ «ብሳና ይነቅዛል ወይ? ቢሉ፣ እንጨቱን ሁሉ ማን አስተማረና» ይላሉ። ይህ ብሳና አውስትራሊያ ልሂድ ቢል አይሳካለትም። እንጨት ሁሉ መንቀዝን ከሱ ቢማርም፣ የነቀዛ ዲግሪ የለውማ!

ነገሩን ያስታወሰኝ የሰፈሬ ልጅ ነው። ከመካኒሳ አቦ አለፍ ብሎ ካለ ካፌ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ ሲደምርና ሲቀንስ አገኘሁት። 10 ዓመት ሙሉ፣ መብራት በመጣ ሰዓት ሁሉ፣ ሶፍትዌር ሲሠራ የኖረ ልጅ ነው። ዲግሪው ግን የእንስሳት ሳይንስ ነው። 12ኛ ክፍልን የጨረሰው በ70 ለ30 ዘመን ነበር፤ ከመቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር በተባለበት። ዩኒቨርሲቲውን ሚኒስቴሩ፣ ትምህርት ክፍሉን ዩኒቨርሲቲው መረጡለት። በግና ላም ደረሱት። (በግ ከተመረቀ ወዲህ የሚያየው ለፋሲካ ነው፤ እሱም ከተገኘ።)

«ጋሼ፣ 6 ዓመቴን ሊወስዱብኝ ነው» አለኝ።

«እነማን?»

«አውስትራሊያዎች።»

ለባለሙያ ቪዛ ነጥብ የሚቆጠርበትን ቀመር ሲያስረዳኝ በጥበቡ ተደነቅሁ። የአውስትራሊያ ኮምፒውተር ማኅበር ለዓመታት በሠራበት ደንብ፣ ኮምፒውተር ተምሮ ሥራውም ከትምህርቱ ጋር የገጠመለት ሰው ከልምዱ 2 ዓመት ይቀነስበታል። ኮምፒውተር ተምሮ ትምህርትና ሥራው እምብዛም ካልተዋወቁ 4። እንደኛ ልጅ ከበረት የመጣው 6 ዓመት ያጣል፤ በዚያ ላይ ስለሠራቸው ሁለት ፕሮጀክቶች ሪፖርት ይጽፋል። የተቀነሰው ዘመን ባለሙያ ለመሆን የፈጀበት ነው ይባላል። እናም 10 ዓመት የሠራው ልጅ የሠራው 4 ዓመት ነው፤ ለሱም 5 ነጥብ ያገኛል። አጠገቡ ተቀምጦ ያንኑ ፕሮግራም አብሮት ሲጽፍ የኖረው የኮምፒውተር ምሩቅ ግን 8 ዓመት ይተርፈዋል፤ 15 ነጥብ። ልዩነቱ 10 ነጥብ ነው። በግ ተወደደ ስንል ከርመናል፤ እንዲህ የተወደደበት ግን አላየሁም።

አንድ አገር የሚገባበትን ሰው ሙያ ልመርምር ቢል አያስወቅሰውም። ልጁን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ «እስቲ ሥራ» ማለት ይቻል ነበር። ግን ይህ በጣም ቀላል ነው፤ ቁም ነገር አይመስልም።

ከሁሉ የማደንቀው የዕድሜውን ሒሳብ ነው። ከ25 እስከ 32 ዓመት ላለ 30 ነጥብ ይሰጣል። 33 ሲሞላ 25 ይሆናል፣ 40 ሲሞላ 15፤ በ45 በሩ ይዘጋል። ልጁ 32 ነው። እኔም በየዋህነት «6ቱን ዓመት ካልሠራህባቸው አልኖርህባቸውም ማለት ነው፤ 26 ነኝ በላቸው» አልኩት። ሳቀብኝ። ለካ ያ 6 ዓመት ለሥራ አይቆጠርም እንጂ ለእርጅና ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል።

ፈረንጅን ብቻ ማማት ግን ነውር ነው። «ከምረቃ በኋላ የተገኘ፣ ቀጥታ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ እኛም ሰሌዳ ላይ ሞልቷል። እንዲያውም ነገሩ በግማሽ ባይቀር እላለሁ። መኪናዬን የሚጠግነው መካኒክ በታሪክ ትምህርት የተመረቀ ነው። ከሱም 6 ዓመት ይቀነስ። በነዚያ ዓመታት የሠራው ፍሬን ሁሉ እንዳልተሠራ ይቆጠርና፣ መኪኖቹ ቁልቁለት ላይ ከመድረሳቸው በፊት ባሉበት ይቁሙ። ጎረቤቴ እንጀራ እየጋገረች አራት ልጅ አሳድጋለች፤ የምግብ ዝግጅት ዲፕሎማ ስለሌላት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች በእንጀራዋ እንዳላደጉ ይመዝገብልን።

ልጁ ሪፖርቱን መጻፍ ጀምሯል። በጥቅምት 33 ይሞላዋል።