ጀልባ ሳይኖር ጀልባ ለማየት

በጉራጌ ተራሮች ላይ የዘነበ ዝናብ ባሕር አይደርስም። ወደ ምዕራብ የወረደው በዋቤ ወንዝ በኩል ጊቤ ይገባል፤ ጊቤም ኦሞ ሆኖ ቱርካና ሐይቅ ላይ ጉዞው ያበቃል። ወደ ምሥራቅ የወረደው በመቂ ወንዝ ደንበል ሐይቅ ይገባል፤ ከደንበል የተረፈው በቡልቡላ አብጃታ ወርዶ እዚያው ይተናል። ወልቂጤ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁና ይህን ካርታ በጠመኔ ስስለው ዓመታት አልፈዋል። በሳልኩት ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር አለ። ጉራጌ ያልረገጠው ገበያ፣ ያልከፈተው ሱቅ የለም ይባላል፤ የገዛ ተራራችን ውሃ በሚጠራቀምበት ሐይቅ ላይ ግን ስማችን አይነሳም።

ዘመዶቻችን እዚያ አሉ። በደንበል ደሴቶች የኖሩት ዛዮች የሚናገሩት ቋንቋ ከስልጤና ከወለኔ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ ነው። ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ያለችው ጽዮን ማርያም፣ በትውፊቱ መሠረት፣ ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ዘመን ታቦተ ጽዮን ተሰዳ ያረፈችበት ቦታ ናት። እኛ ተራራውን ይዘን ቀረን፤ እነሱ ውሃውን ያዙ።

የምመኘው ጀልባ ትልቅ አይደለም። ሁለት ሰው የሚያስተኛ፣ ሸራ ያለው፣ ነፋስ ሲጠፋ በመቅዘፊያ የሚሄድ ቢሆን ይበቃኛል። በሴሚስተር ዕረፍት ቱሉ ጉዶ አድሬ፣ ደብረ ሲና አርፍጄ፣ ገሊላ ደርሼ፣ ዓሣዬን ጠብሼ እየበላሁ ሐይቁን ልዞረው እፈልጋለሁ። ደንበል ሲበቃኝ ጀልባዬን በመኪና ጭኜ አባያና ጫሞ፣ ከዚያም ጣና። ሰው ቤት ሠርቶ ማከራየት በሚያስብበት ዕድሜ እኔ በውሃ ላይ የሚሄድ ቤት አስባለሁ።

ስለዚህ ጥር በቀረበ ቁጥር ጥያቄው ይመጣል፤ ደንበል ዳር ወዳለችው ባቱ ልሂድ ወይስ አልሂድ? ለጥምቀት በባቱ ታቦታት በደንበል ላይ በጀልባ ይጓዛሉ፤ ያን ቀን የሐይቁ ጀልባ ሁሉ ተጠርጎና ተሸልሞ ይወጣል። ከበዓሉ በፊትም ሆነ በኋላ አንዱ ጀልባ ዓሣ ላይ፣ አንዱ ደሴት ላይ፣ አንዱ ጥገና ላይ ነው። ጀልባ ለሚመኝ ሰው ሁሉንም በአንድ ዳርቻ ቆሞ የሚያይበት ሌላ ቀን የለም።

አናጢ ጓደኛዬ ግን አይስማማም። “መጀመሪያ ብሩን አጠራቅም። የእቁብ ዕጣህ ይውጣ፤ ያኔ ትሄዳለህ። ባዶ ኪስ ይዞ ገበያ መውጣት ራስን ማስራብ ነው” ይለኛል። ሚዛን የሚደፋ ክርክር ነው፤ የመምህር ደመወዝ የሚበቃበትንና የማይበቃበትን አብረን እናውቃለን። እኔ ደግሞ፣ ምን እንደምገዛ ሳላውቅ ስንት እንደማጠራቅም በምን አውቃለሁ? እለዋለሁ። ፎቶ ላይ ያለ ጀልባ ሁሉ ያምራል። ጎኑን በእጅ ካልዳሰሱት፣ ወለሉ ላይ ካልተቀመጡበት፣ ሲወዛወዝ ሆድ እንዴት እንደሚሆን ካልቀመሱት፣ ምኞቱ የእውነት ይሁን የፎቶ አይታወቅም።

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ይህን ክርክር ሰምቶ ወደ እኔ አደላ። እሱ ካለበት ብዙም በማይርቀው አናፖሊስ በሚባለው የወደብ ከተማ፣ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በኦክቶበር የሸራ ጀልባ ትርኢት ይደረጋል። ስለ እኔ ብሎ ሄዶ ቪዲዮ ላከልኝ። ጀልባዎቹ በእንጨት መረማመጃ ዳርና ዳር ውሃ ላይ ታስረዋል። ሰዉ ጫማውን እያወለቀ ይገባል፤ አልጋው ላይ ይጋደማል፤ ቁም ሣጥን ይከፍታል፤ ምድጃውን ይነካካል፤ ወጥቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። “ከመጣው ሰው አብዛኛው ዛሬ የሚገዛ አይመስልም። የሚለካው ራሱን ነው” አለኝ። ለክርክሬ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም፤ ለጓደኛዬ ቪዲዮውን ሁለቴ አሳየሁት።

እሱም ሌላ መከራከሪያ አመጣ፤ “ሸራና ባሕር የእኛ ነገር አይደለም።” ይህን ግን ዝም ብዬ አላለፍኩትም። አጼ ካሌብ በ525 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ የመን ሲዘምት በአዱሊስ አጠገብ ወደ 70 የሚጠጉ መርከቦች መሰብሰባቸው ተጽፎ ይገኛል። ቅርብ ዘመን እንኳ እንውሰድ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. ‘ራ’ የተባለችውን ታንኳ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነው፤ የመጀመሪያዋ ካሪቢያን ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ፈራረሰች፤ በዓመቱ በኢትዮጵያ ደንገል የተሠራችው ሁለተኛዋ ‘ራ’ ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች፤ ያውም በሸራ! በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተመሠረተው ባሕር ኃይላችን በየዓመቱ ምጽዋ ላይ ቀኑን ሲያከብር ንጉሠ ነገሥቱ ይገኙ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ይመጡ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ‘ጣናነሽ ፪’ የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ በየከተማው መንገድ ዳር የወጣውን ሕዝብ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ያ ሁሉ ሰው የወጣው ጀልባ ሊገዛ ነበር? ሊያይ ነው የወጣው! ሰው ያላየውን ነገር አያቅድም። ጉራጌ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ሲያሠራ፣ መጀመሪያ የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ጥሩ መንገድ አይቶ መጥቶ ነበር።

ጓደኛዬ መላጊያውን አስቀምጦ “እሺ፣ ሂድና ንገረኝ” አለ።

የከተራ ዕለት ጠዋት ወልቂጤ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ጠበቅን። ጉብሬን አልፈን ወደ ተራራው መውጣት ስንጀምር ራዲያተሩ ፈላ። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ በእንሰቱ መሐል ጠፋ፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከአጠገባችን ካለ ቤት የወጡ እናት የቡና ጀበናቸውን ይዘው መጥተው ለሁላችንም ቀዱልን። ውሃው መጣ፣ ተሞላ፣ ትንሽ ሄድን፣ እንደገና ፈላ። ቡታጅራ ስደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር፤ የዚያን ቀን ወደ ባቱ የሚሄድ መኪና ማግኘት የማይታሰብ ሆነ።

ቡታጅራ አክስቴ አለች። ገሃድ ስለነበር ቆጮና ጎመን በዘይት አቀረበችልኝ። ወዴት እንደምሄድ ስነግራት እጇን አገጯ ላይ አደረገች።

“የሰፈርህን ታቦት ትተህ?”

“ጀልባ ላይ ሲሄድ ለማየት ነው፣ እቴቴ።”

“ታቦቱን ነው ወይስ ጀልባውን?”

ሁለቱንም አልኳት፤ እውነቴን ነበር። “እንግዲያው ሌሊቱን ከእኔ ጋር አድረህ ቅዳሴውን ሰምተህ ትሄዳለህ” ብላ ፈረደች። አደርኩ። በዚያ ብርድ ነጠላዋን ተከናንባ ከጎኔ ቆማ ሳያት ፍርዷ ትክክል መሆኑን አወቅሁ፤ የሚቀጥለውም ዓመት ቢሆን የከተራን ሌሊት ከእሷ ጋር ሳላድር አልቀርም።

ጠዋት ሚኒባስ አልነበረም። በመጨረሻ ወደ ቆሼ የሚሄድ የበርበሬ ጆንያ የጫነ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። የማረቆ በርበሬ በጆንያ ውስጥ ሆኖም ዓይን ያስለቅሳል። ከቆሼ ሌላ መኪና ይዤ ባቱ ስገባ ታቦታቱ ውሃ ላይ ነበሩ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ጥላ የያዙ ካህናትና ዲያቆናት የቆሙበት ጀልባ ከፊት፣ ከኋላው ሐይቁ እስኪጨልም ድረስ ጀልባ። እልልታው ውሃ ላይ ሲሄድ መሬት ላይ እንደምናውቀው አይደለም፤ ግድግዳና ዛፍ የሚመልሰው የለምና ርቆ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ወደ ታቦቱ ሲያይ እኔም አየሁ፣ ጸለይኩ፤ ከዚያ ዓይኔ ወደ ጀልባዎቹ ጎን ወረደ። የሳንቃ ጀልባ አለ፣ የላሜራ አለ፣ ሞተር የተገጠመለት ፋይበር አለ። ዳር ላይ ተጎትቶ የወጣ አንድ አሮጌ የሳንቃ ጀልባ አጠገብ ተንበርክኬ መጋጠሚያውን ዳሰስኩ። በሁለት ሳንቃ መሐል የተጠቀለለ ጨርቅ ተወትፎ ሬንጅ ተቀብቶበታል፤ ሬንጁ በፀሐይ ለስልሶ ጣቴ ላይ ቀረ። ምስማሮቹ ከውጭ ገብተው ከውስጥ ታጥፈዋል። ይህን ነገር የትኛውም ቪዲዮ አላሳየኝም። ባለጀልባውን ልጠይቀው ብፈልግ ግን ጊዜ የለውም፤ ሰው ይጭናል፣ ያወርዳል፣ ይጮኻል።

እኔም ከሰልፉ ጋር ልሂድ ብዬ አንዱ ላይ ተሳፈርኩ። አራት እንጨት ላይ ለጥላ የተወጠረ ሰማያዊ ሸራ ነበረው። ከዳር ስንርቅ ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ ጠፋ። ነጂው ገመዱን ደጋግሞ ጎተተ፤ እምቢ አለ። ደንበል ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ያኔም ተነሳ። ጀልባው ወደ ጎን መንሸራተት ጀመረ። አንዳንዱ ማርያምን፣ አንዳንዱ ገብርኤልን ጠራ፤ ነጂው “ሸራውን አውርዱት፣ እሱ ነው የሚወስደን!” አለ። ኋላ የተቀመጡ አንድ የዛይ አዛውንት “አታውርዱት። ቁሙና ያዙት” አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ሰው ግን ታዘዘ።

እንጨቶቹን ፈተን አራት ሰዎች የሸራውን ጫፍ ያዝን፤ ሁለቱ ወደ ላይ፣ ሁለታችን ወደ ታች። ሲሞላ እጄን ሊያወልቀው ደረሰ፤ ገመዱ መዳፌን ላጠው። አዛውንቱ መቅዘፊያውን በኋላ በኩል እንደ መሪ ይዘው “ላላ አድርግ፣ መምህር” “አሁን ሳብ” ይሉኛል። ጀልባው ሄደ። በእርግጥ ሄደ! ወደ ፊት የሄደውን ያህል ወደ ጎንም ይንሸራተት ነበር፤ እኛ ወደ ባቱ ስንል እሱ ወደ ቄጠማው ወሰደን። ቄጠማው ውስጥ ገብተን ቆምን፤ ጉማሬ እንዳይኖር ነጂው በመቅዘፊያ ውሃውን መታ መታ አደረገ፤ ከዚያ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ወርደን ሴቶቹንና ልጆቹን ተሸክመን አወጣን። አንድ ጫማዬ እዚያው ቀረ።

ዳር ላይ ልብሳችንን ስናደርቅ አዛውንቱን ለምን ወደ ጎን እንደሄድን ጠየቅኋቸው። “ከታች ምን አለው? ለጥ ያለ ነው፤ ውሃውን የሚይዝ የለውም” አሉኝ። ነገሩ ይኸው ነው። የባሕር ሸራ ጀልባ ከሆዱ በታች ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው ክንፍ አለው። ደንበል ግን በአማካይ ከሁለት ሜትር ተኩል ብዙም የማይጠልቅ ሐይቅ ነው፤ ቋሚ ክንፍ ያለው ጀልባ ቄጠማው ዳር ሳይደርስ መሬት ይነክሳል። ለዚህ ሐይቅ የሚሆነው በጀልባው መሐል በቆመ ሣጥን ውስጥ ወደ ላይ የሚሳብና ወደ ታች የሚለቀቅ ሳንቃ ነው። ጥልቁ ላይ ትለቀዋለህ፣ ዳር ስትደርስ ትስበዋለህ።

ወልቂጤ ተመልሼ ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ስለ እቁብ አላነሳም። የጠየቀኝ የሣጥኑ መጋጠሚያ ከወለሉ ጋር በምን እንደሚታሸግና ሳንቃው ምን ያህል እንደሚወፍር ነው። ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ ዋንዛ ቀላል ነው፣ ጥድ ውሃ ይችላል እያለ ለብቻው ተከራከረ። የአዛውንቱን ስልክ ይዤ ስለነበር ደወልንላቸው። በበዓሉ ዕለት ለወሬ ጊዜ እንደማይኖራቸው፣ ጀልባዎቹ ተገልብጠው ጨርቃቸው የሚቀየረውና ሬንጅ የሚቀቡት ግን ከከተራ በፊት ባሉት ቀናት መሆኑን ነገሩን። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት የምንሄደው ቀደም ብለን ነው፤ ጓደኛዬ ሜትሩንና የዋንዛ ቁራጭ ናሙናውን ይዞ፣ እኔ ከመርካቶ የማስመጣውን ወፍራም ሸራ ይዤ። ከሐይቁ ተመልሰን ከተራን ቡታጅራ እናድራለን፤ አክስቴ ለሁለታችንም ቦታ እንዳላት ተናግራለች።