ሐይቅ ወርዶ ወፍ ሳያዩ የመመለስ ዘዴ

ከወልድያም ሆነ ከመርሳ ተነስታችሁ፣ ውርጌሳንና ውጫሌን አልፋችሁ ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ ወፎቹን አባራችሁ ባዶ ካሜራ ይዛችሁ መመለስ ከፈለጋችሁ፣ መጀመሪያ ጠዋት በደንብ ተኙ። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ድረሱ። ያን ጊዜ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን የወፉ ዓይን በጥላ ይዋጣል፤ ነጩ ፔሊካንም ላባው ሳይለይ ነጭ ጨርቅ መስሎ ይወጣል። ገና በማለዳ ፀሐይን በጀርባው አድርጎ መሬት ላይ የተቀመጠውን ሰው አትምሰሉ፤ እሱ ላባውን አንድ በአንድ ለይቶ ያነሳል።

ከሚኒባሱ እንደወረዳችሁ ሙዚቃውን ከፍ አድርጉና ወደ ሐይቁ ዳር ሩጡ። ድንጋይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የቆመ ጥቁር ወፍ፣ ኮርሞራንት የሚባለውን፣ ካገኛችሁ አትለፉት። ዓሣ ለማጥመድ ሲጠልቅ ላባው ውሃ ይጠጣል፤ የቆመውም ለማድረቅ ነው። ሳይደርቅ አስነሱት። ውሃውን እየመታ ሲሸሽ የምታነሱት ጀርባውን ብቻ ነው።

ዋናው ግን ዳክዬዎቹን ማስነሳት ነው። የአውሮፓንና የእስያን ክረምት ሸሽተው የመጡት ከኅዳር እስከ የካቲት እዚህ ይቆያሉ፤ ሲመለሱ በረሃውንና ባሕሩን የሚያሻግራቸው ስንቅ እዚሁ በልተው የሚያጠራቅሙት ስብ ነው። ልጆቹን “ወርውሩ!” በሏቸው። አንድ ጠጠር መንጋውን በሙሉ ያስነሳል፤ ለቪዲዮም ያምራል። በተነሱ ቁጥር ያን ስንቅ ያቃጥላሉ፤ የመብያ ሰዓታቸውም ያልፋል። ይህን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል፤ ወፎቹ ምን በደሉን?

ፊላው ውስጥ ጎጆ ካገኛችሁ ቅጠሉን ገልጣችሁ በስልካችሁ ጠጋ ብላችሁ አንሱ። የገለጣችሁትን አትመልሱ። እናቲቱ እናንተን ፈርታ ስትርቅ እንቁላሉ በፀሐይ ይግላል፤ ቁራም በተከፈተው በኩል ያየዋል።

በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ያሉት ዛፎች በመነኮሳቱ ጥበቃ ለወፍ ማረፊያ ሆነው ቆይተዋል። ድሮን ካላችሁ እዚያ ላይ አስነሱት፤ ወፎቹ ጭልፊት የመጣባቸው መስሏቸው ይበተናሉ።

ማታ ቤት ስትገቡ የጎጆውን ፎቶ ከነቦታው ቲክቶክ ላይ ልቀቁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሚኒባስ ሙሉ ሰው እዚያው ፊላ ውስጥ ይገባል።