የትኛው ጣሊያን?

ዕድሜ ጠግበዋል የተባሉ ገበሬ ዘንድ የሚሄድ ጋዜጠኛ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «የረጅም ዕድሜዎ ምስጢር ምንድን ነው?» መልሱም ከአንድ ማሳ የታጨደ ይመስላል፤ የገብስ ቆሎ፣ እርጎ፣ ማር፣ ቂም አለመያዝ፣ የፈጣሪ ፈቃድ። ዜናው በወጣ ማግስት የከተማው ሰው ገብስ ፍለጋ ይወጣል። እኔ ግን ከገብሱ በፊት መቅደም ያለበት ጥያቄ ተዘልሏል ባይ ነኝ፤ ዓመቱን የቆጠረው ማን ነው? በምንስ ቆጠረው?

በ2005 ዓ.ም. አንድ አዛውንት የኦሮሚያ ገበሬ 160 ዓመት ሞልቶኛል ማለታቸው በዓለም ዙሪያ ተወርቶ ነበር። የልደት ወረቀት አልነበራቸውም። ማስረጃቸው ትዝታቸው ነበር፤ ጣሊያን ሲመጣ ሁለት ሚስት ነበራቸው፣ ልጃቸውም ከብት ለመጠበቅ ደርሶ ነበር። ይህ አቆጣጠር የሚናቅ አይደለም። ባላገር ዕድሜውን የሚይዘው በደረሰበት ነገር ነው፤ ክፉ ቀን፣ የኅዳር በሽታ፣ ጠላት የገባበት፣ መሬት ላራሹ የታወጀበት፣ የ77 ድርቅ። ከብቱ ያለቀበትን ዓመት ማንም አይሳሳትም። ችግሩ ከገበሬው ሳይሆን ከታሪክ ነው፤ ታሪክ ራሱን ይደግማል። ጣሊያን የመጣው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በ1888 ዓድዋ ላይ ለመሸነፍ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በ1928። በመካከሉ 40 ዓመት አለ። ዜናው የመጀመሪያውን ጣሊያን ያዘ፤ የታሰበው ሁለተኛው ከነበረ ግን 160ው በአንድ ጊዜ 120 ይሆናል። «የትኛው ጣሊያን?» የምትል ሁለት ቃል አርባ ዓመት ታረግፋለች። ለነገሩ 120ም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ በሰነድ ከተረጋገጠላቸው ወንዶች ሁሉ የሚበልጡት ጃፓናዊው ጂሮኤሞን ኪሙራ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ 116 ዓመታቸው ነበር።

«እንግዲህ ገበሬውን ዋሾ ልትለው ነው» የሚል አይጠፋም። አልልም። በገጠር ዕድሜ ማዕረግ ነው፤ በድንበር ክርክር ማን እንደሚመሰክር፣ በሽምግልና ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን እንደሚመርቅ የሚወስነው እሱ ነው። ለዚህ ሁሉ «ጠላት ሲገባ ጎረምሳ ነበርኩ» ማለት ይበቃል፤ ቀንና ወሩን የሚጠይቅ ሽማግሌ የለም። ልደት በአገር አቀፍ ደረጃ በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የተጀመረው እንኳ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ሕዝብ ቆጣሪ በሩን ሲያንኳኳ መልሱ 40፣ 45፣ 50 እያለ መሄዱም የታወቀ ነው፤ ቅጹን ብቻ ያየ ሰው አገሬው የሚወልደው በየአምስት ዓመቱ ተማክሮ ይመስለዋል። ዕድሜን የሚያስረዝመው ብዙውን ጊዜ ገበሬው ሳይሆን ዕድሜው የሚጠቅመው ሌላ ሰው ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1956 እ.ኤ.አ. 148 ዓመቱ ነው የተባለ አዘርባጃናዊ የጋራ እርሻ ገበሬ፣ መሐሙድ ኤይቫዞቭን፣ በቴምብር አወጣችው። የጋራ እርሻ ዕድሜ ያረዝማል ማለት ከዚህ በላይ በምን ይነገራል?

እንግሊዞችም አላመለጡም። ቶማስ ፓር የሚባል የገጠር ሰው 152 ዓመቱ ነው ተብሎ በ1635 እ.ኤ.አ. አንድ ባላባት ወደ ለንደን አምጥቶ ለንጉሥ ቻርልስ አሳየው። ሰማንያ ዓመት እስኪሞላው ሳያገባ ቆይቶ፣ መቶ ካለፈ በኋላ በዝሙት ንስሐ ገብቷል ይባላል፤ ይህንን አምኖ መቀበል ከዕድሜው ይልቅ ይከብዳል። የሚበላው ያረጀ አይብና ሸካራ ዳቦ ነበር፤ ለንደን ሲገባ ምግቡ አማረ፣ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የደምን ዝውውር ያስረዳው ዊሊያም ሃርቪ ሬሳውን መርምሮ ጥፋቱን በለንደን አየርና በምግቡ ለውጥ ላይ ጣለው። ዕድሜውን ግን እንደ ተነገረው ተቀበለ፤ ያን የመሰለ ሐኪም ሆድ ከፍቶ ሲያይ «ማን ቆጠረው?» አላለም። ፓርም በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ከነ152 ዓመቱ ተቀበረ።

ጠንከር ያለ መከራከሪያም አለ፤ ሰነድ ያላቸውስ? የቬነዝዌላው ሁዋን ቪሴንቴ ፔሬስ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሸንኮራና ቡና ሲያርሱ የኖሩ፣ 11 ልጆች ያፈሩ አባወራ ነበሩ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በ114 ዓመታቸው አረፉ። ኪሙራም ከፖስታ ቤት ሥራ ጡረታ ወጥተው እርሻ ገብተዋል። ታዲያ እርሻ ዕድሜ አይቀጥልም? ይቀጥል ይሆናል፤ ግን እነዚህ ሰዎች በተወለዱበት ዘመን አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ገበሬ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የተረፈው ገበሬ ቢሆን ምን ይገርማል? ፔሬስ በየቀኑ አንድ መለኪያ አረቄ አይቀርባቸውም ነበር። ያንኑ አረቄ እየጠጣ፣ ያንኑ ሸንኮራ እየቆረጠ በአርባ ዓመቱ የሞተው ጎረቤት ምስጢሩን አልተጠየቀም፤ ቃለ ምልልስ ለመስጠት አይመችም።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ከ110 ዓመት በላይ መኖራቸው በሰነድ ከተረጋገጠላቸው ሰዎች እጅግ የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ የሁሉም በላይ የሆኑት ፈረንሳዊቷ ዣን ካልማ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ 122 ዓመታቸው ነበር። ምስጢር ካለ ያለው ገብሱን ከፈጩት፣ ውሃውን ከቀዱት፣ ጠላውን ከጠመቁት እናት ዘንድ ነው። ጋዜጠኛው ግን ማይክሮፎኑን ለአባወራው ይዘረጋል። ወደ እናትየዋ ቢያዞረው አንድ አደጋ እንዳለው ገብቶት ይሆናል፤ ባልየው ሲያገቧቸው ስንት ዓመታቸው እንደነበር ያውቃሉ።