ስለ ኦንላይን መማሪያ ክፍል የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ ኔትወርክ ያለህ ለሌለው አስነብብ!

በኮሮና ምክንያት የደቡብ ሱዳን አብዛኛው ተማሪ እ.ኤ.አ. ከማርች 2020 እስከ ሜይ 2021 ቤቱ የከረመ በመሆኑ፤ በማርች 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ትምህርት ቤቶች እንደገና በመዘጋታቸው፤ በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ጁባ ውስጥ ተማሪዎች በሙቀት ራሳቸውን እየሳቱ በመውደቃቸው ለሁለት ሳምንት ትምህርት በመቋረጡ፤ ርእሰ መምህሩም በስብሰባ ላይ «ዘመኑ የኦንላይን ነው» ብለው ሲያበቁ ነዳጅ ለመቆጠብ ጄኔሬተሩን ያስጠፉ በመሆኑ፤

እኛ የሲኒየር ሦስት የሒሳብ መምህር፣ የአንድ ላፕቶፕና የሁለት ሲም ካርድ ጌታ፣ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ክፍል» ማለት ጉግል ክላስሩም ነው። «ተማሪ» ማለት የራሱ ስልክ ያለው ሰው ነው የሚል ግምት ከሥርዓቱ ጋር አብሮ መጥቷል፤ በጁባው ጉዴሌ ሰፈር ውስጥ ግን አይጸናም። ስልኩ የእናት ነው። እናት ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ቲማቲም ስትሸጥ ትውላለች፤ የቤት ሥራውም አብሯት ገበያ ውሎ ሲመሽ፣ ባትሪው ሊሞት ሲል፣ ቤት ይገባል። «መብራት» የሚለው ቃል ትርጓሜ ወደፊት በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል።

አንቀጽ 2፦ የማስረከቢያ ሰዓት

መምህሩ ሰዓት ካልወሰነ ሥርዓቱ በራሱ 11:59 ብሎ ይሞላል። አዋጅ አውጪው ኢትዮጵያዊ ስለሆነ 11:59 ለእሱ የምሽቱ 12 ሰዓት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ተማሪዎቹ እኩለ ሌሊት ነው ባይ ናቸው። በዚህ ላይ ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስትመልስ የመምህሩ ላፕቶፕ አብሮ አልተመለሰም፤ ዛሬም የሚኖረው በአዲስ አበባ ሰዓት ነው። ክርክር በተነሣ ጊዜ ለተማሪው የሚበጀው ሰዓት ይጸናል። (ይህ የተጨመረው በተማሪዎች ጩኸት እንጂ በአውጪው ቸርነት አይደለም።)

አንቀጽ 3፦ ስለ ቀዩ ጽሑፍ

ቀኑ ያለፈበትን ሥራ ሥርዓቱ በቀይ «ሚሲንግ» ይለዋል። ዳታ አልቆ ይሁን፣ ልጁ ውኃ ሲቀዳ አምሽቶ ይሁን፣ ሰንፎ ይሁን አይጠይቅም። መምህር ግን ዓይን አይቶ ያውቃል። ስለዚህ ቀዩ ጽሑፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ተከሳሹ ቀርቦ ይናገራል። «ኔትወርክ ማፊ» (ኔትወርክ የለም) የሚል መከላከያ ተቀባይነት አለው፤ በዚያው ሰዓት ቲክቶክ ላይ ሲጨፍር ካልታየ በስተቀር። መንግሥት በጃንዋሪ 2025 ፌስቡክና ቲክቶክን ለቀናት ባገደ ጊዜ ዐቃቤ ሕጉ ያለ ምስክር ቀርቶ ነበር።

አንቀጽ 4፦ የተከለከለ ድርጊት

አንዱ የሠራውን ስድስት ሆኖ ፎቶ አንሥቶ መላክ ክልክል ነው። በስድስቱም ፎቶ ላይ ያው አንድ አውራ ጣት ይታያል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ጥቁር ሰሌዳ

አልተሻረም። ጄኔሬተሩ በጠፋ ቁጥር ሙሉ ሥልጣኑን መልሶ ይይዛል።

አንቀጽ 6፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ከፍተው ካነበቡት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስካሁን ከፍቶ ያነበበው አንድ ሲሆን፣ እሱም ባለፈው ዓመት ትምህርቱን ጨርሶ የወጣ ነው።