በኅዳር ብርድ ውጭ አገር ለመውጣት ላሰቡ ባልና ሚስት

ጎረቤታችሁ ዱባይ ሄዶ ግመል ላይ ፎቶ ተነሥቶ ከተመለሰ ወዲህ በቤታችሁ ሰላም እንደጠፋ ይገባኛል። «እኛስ መቼ ነው የምንወጣው?» የሚለው ጥያቄ ከእራት ጋር መቅረብ ከጀመረ ሰንብቷል። የምንዛሬውን ነገር ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ባንኩም ያውቀዋል። ስለዚህ ከብዙ ማሰላሰል በኋላ የሶማሌላንዷን ሐርጌሳን መርጬላችኋለሁ። ፓስፖርት ይጠየቅበታል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ገንዘቡ ሌላ ነው፤ ባሕርም ተራራም አለው፤ ግመሉም በቁጥር ዱባይን ቢያስንቅ እንጂ አያፍርም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፦ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ከቤታችሁ ብዙም እንዳልራቃችሁ የሚመሰክር ነገር በየማዕዘኑ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ክብራችሁን ሳታጡ ይህን ምስክር እንዴት እንደምታልፉት ልንገራችሁ።

ኅዳር ማለቂያ ላይ፣ ቢዘገይ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ሂዱ። ሶማሌዎች ጂላል የሚሉት ደረቅ ወቅት የሚገባው ያኔ ነው። በእኛ ክረምት ከ40 ዲግሪ በላይ የምትግለው የባሕር ዳሯ በርበራም በእነዚህ ወራት ሰው ታስጠጋለች። እንግሊዞች አገሩን በሚገዙበት ዘመን፣ መቀመጫቸው እ.ኤ.አ. በ1941 ወደ ሐርጌሳ ከመዛወሩ በፊት፣ ሹማምንቱ ሙቀቱ ሲጠና ከበርበራ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሼኽ የሚባለው ተራራ ላይ ይወጡ ነበር። እናንተም ሁለቱንም ቦታ ስለምታዩ የገዥ ጉዞ ነው ብላችሁ ልትኮሩ ትችላላችሁ።

ጌታው፣ ያን ወፍራም ጃኬት ተወው። ሐርጌሳ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ለማታው ሹራብ ይበቃል። «ውጭ አገር ክረምት ነው» ብለህ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች አውርተህ ከሆነ ግን ጃኬቱን ያዝ፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ለብሰህ ፎቶ ተነሣና መልሰህ ሻንጣ ውስጥ ክተተው። ቁምጣህ እቤት ይቅር። እሜቴም ፀጉር የሚሸፍን ሻሽና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ቀሚስ ያዢ። በመንገድ ላይ እጅ ለእጅ መያያዝ፣ መተቃቀፍ የሚባል ነገር የለም። ብዙ ዓመት በትዳር ለኖረ ሰው ይህ ከባድ መሥዋዕትነት አይመስለኝም። የጋብቻ ወረቀታችሁን አትርሱ፤ ሆቴል ሊጠይቃችሁ ይችላል።

በአውሮፕላን ከቦሌ ሐርጌሳ መድረስ ይቻላል፤ ነገር ግን በመስኮት በኩል ማን ይቀመጥ የሚለውን ክርክር ሳትጨርሱ ያርፋል። የብሱን ምረጡ። ከሐረር በባቢሌ አድርጋችሁ፣ ካራማራን ወጥታችሁ ጅግጅጋ ትገባላችሁ። ካራማራ ላይ ባልየው የየካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ድልን ማውራት መጀመሩ አይቀርም። ይፈቀድለት፤ ግን እዚያው ይጨርሰው። ድንበር የሚሻገር ዕቃ አይደለም። ቪዛውን አዲስ አበባ ባለው የሶማሌላንድ ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቶጎ ውጫሌ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያን የመውጫ ማኅተም ሳታስመቱ እግራችሁን እንዳታነሡ። የከተማዋ ግርግር ሰውን ሳይታወቀው ያሻግረዋል፤ ያለ ማኅተም የተሄደ ውጭ አገር ደግሞ ገበያ ደርሶ እንደ መምጣት ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ያለው 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ሾፌር ሁሉ በሜዳው አቧራ ላይ የየራሱን መንገድ እያወጣ ይነዳበት ነበር፤ ዛሬ አስፋልት ነው።

ሆቴል ስትደርሱ ጌታው ጉሮሮውን ጠርጎ ከጅግጅጋ ጀምሮ ሲለማመድ የመጣውን እንግሊዝኛ ያወጣል። እንግዳ ተቀባዩ በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ «ደህና መጣችሁ? መንገድ እንዴት ነበር?» ይላል፤ ጥርት ባለ አማርኛ። አትደንግጡ። አስተናጋጁ ሥራ ፍለጋ ከእኛው አገር የመጣ ሊሆን ይችላል። የሐርጌሳ ልጅም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1988 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ የየአገራቸውን ተቃዋሚ ላለመርዳት ተስማሙ። እስከዚያ ድረስ እኛ ዘንድ ተጠልሎ የቆየው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መጠጊያ ሊያጣ መሆኑን ሲያውቅ በግንቦት ወደ አገሩ ገብቶ ቡርኦንና ሐርጌሳን አጠቃ። የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከሐርጌሳው ማረፊያ ራሱ እየተነሡ ከተማዋን ደበደቡ፤ አብዛኛው ቤት ፈረሰ። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደና ጅግጅጋ አጠገብ ሐርተሼኽ ላይ ሰፈረ፤ በጊዜው ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ሆነ። አማርኛውን ከዚያ ይዘው የተመለሱ ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ከተማው መሐል፣ ሐውልት ላይ የተሰቀለውን ሚግ አውሮፕላን ስታዩ ክንፉ ሥር ቆማችሁ ጣት እየቀሰራችሁ ፎቶ አትነሡ። መጀመሪያ አጠገባችሁ ያለውን ሽማግሌ ሰላም በሉ። እሳቸው ካወሩላችሁ ስሙ፤ ካላወሩም ዝም በሉ። ይህን የምለው እንደ ሌላው ምክር በዋዛ አይደለም።

ወደ ዋዛው እንመለስ፤ ገንዘብ። የሶማሌላንድ ሽልንግ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን አንድ ዶላር ስትመነዝሩ በሺዎች ይቆጠርላችኋል። መንዛሪዎቹ ጎዳና ዳር መሬት ላይ ተቀምጠው ባለ 500ና ባለ 1000 ኖቱን በላስቲክ አስረው እንደ ጡብ ደርድረውታል። ሰላት ሲደርስ ጨርቅ ጣል አድርገውበት ወደ መስጊድ ይሄዳሉ። ይህን ያየ የመርካቶ ሰው የሚይዘውን ድንጋጤ አውቃለሁ፤ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱና እለፉ። ከሃያ ዶላር በላይ አትመንዝሩ፤ ከመነዘራችሁም ማን እንደሚሸከመው አስቀድማችሁ ተስማሙ። ያገሩ ሰው እኮ ጡቡን ትቶታል ማለት ይቻላል፦ ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 ያመጣው ዛድ የሚባል የስልክ ገንዘብ አለ፤ ሻይ ሻጯም በስልኳ ነው የምትቀበለው። «እኛም ቴሌብር አለን» ብላችሁ በኩራት ልትናገሩ ይቃጣችሁ ይሆናል። የእነሱ በዕድሜ ይበልጣል፤ ዝም በሉ።

አሁን ትልቁ ጉዳይ፤ ምግብ። ሙስሊም ከሆናችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉና በቀጥታ ወደ ግመሉ ሥጋ ሂዱ። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ላይ ናችሁ፤ ይህም የእግዜር ቸርነት ነው። «ግመል ይበላል ወይ? እርዱስ?» የሚለው ጣጣ ሁሉ «ጾም ነን» በሚል አንድ ቃል ይዘጋል፤ ጾም ለሚያከብር ሕዝብ ደግሞ ይህ መልስ ክብር እንጂ ነቀፋ አያመጣም። ሩዙ በሥጋ መረቅ ስለሚበስል አይሆናችሁም። ሻሂውም ያለ ወተት በሉ፤ ካላላችሁ ወተት ገብቶበት ይመጣል። አምቡሎ የሚባል አለ፤ ትንንሽ ቀይ ባቄላ ተቀቅሎ የሰሊጥ ዘይትና ስኳር የሚፈስበት። ስኳሩ መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል፤ በሁለተኛው ቀን ራሳችሁ ትጨምራላችሁ። ጠዋት ላይ ደግሞ ላሖህ ይቀርባል፦ ስስ፣ ክብ፣ ፊቱ ሁሉ ዓይን በዓይን የሆነ፣ ሰሊጥ ዘይት ተቀብቶ ስኳር የተነሰነሰበት። «እንጀራ!» ብላችሁ አትጩሁ። እንጀራ ለማግኘት ድንበር የተሻገረ ጎብኚ መሳቂያ ነው። ጫቱም ከእኛው አገር እየከነፈ የሚመጣ ስለሆነ በርጫ ላይ «ባህላችሁ እንዴት ደስ ይላል» ማለት አያስፈልግም።

ከከተማ ለመውጣት መኪና ስትከራዩ እሜቴ ከፊት ትቀመጥ። ምክንያት አለኝ። ሶማሌላንድ እንደኛ በቀኝ ነው የሚነዳው፤ የብዙው መኪና መሪ ግን በቀኝ በኩል ነው። ሾፌሩ ከባድ መኪና ሊቀድም ሲፈልግ የሚመጣበትን አያይም፤ የሚያየው በግራው የተቀመጠው ሰው ነው። መሪ የሌለው፣ ፍሬን የሌለው፣ ኃላፊነቱ ግን ሙሉ የሆነ መቀመጫ ነው። «ቆይ፣ ቆይ… አሁን!» የሚለውን ሥራ በቤታችሁ ማን እንደሚሠራው ስለምታውቁ ሹመቱ ክርክር አያስነሣም።

በበርበራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ፣ ከሐርጌሳው የቱሪዝም ሚኒስቴር ያወጣችሁትን ፈቃድ አሳይታችሁ፣ ጠባቂ ይዛችሁ ወደ ላስ ጌል ትገነጠላላችሁ። የአካባቢው እረኞች ድሮም የሚያውቁትን ዋሻ የፈረንሳይ አጥኚዎች ለዓለም ያሳወቁት ገና በ2002 (እ.ኤ.አ.) ነው። ትንፋሻችሁ እስኪረጋጋ ቆዩና ላሞቹን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ቀንዳቸው ወደ ላይ ታጥፎ፣ አንገታቸው ላይ ቀይና ነጭ ጭረት ወርዶ፣ ከሥራቸው ትንሽ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ አጠገቡ ውሻ አለ። አንገቱን ለምን እንዲህ አሳምሮ ሣለው? የበዓል ላሞች ይመስላሉ። ቀለሙ አምስት ሺህ ዓመት ገደማ እንደሆነው ይገመታል፤ ሲታይ ግን አምና የተቀባ ነው የሚመስለው። እንደዚያው ዓይነት የከብት ሥዕል ድሬዳዋ አካባቢ ለገ ኦዳ ላይም አለ፤ በመጣችሁበት መንገድ በኩል። ያን አለማየታችሁን ለማንም አትንገሩ። ቪዛ የማይጠይቅ ዋሻ እንደሆነ ማንም አይጎበኘውም።

በርበራ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው ባሕሩ ነው። ኢትዮጵያዊ ባሕር ሲያይ ዓይኑ ላይ የሚመጣውን ነገር ያገሬው ሰው ከሩቅ ይለየዋል፤ ጥር 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ ከተፈረመው የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ይለየዋል። ታክሲ ነጂው «ወደቡስ?» ብሎ ከጠየቃችሁ «እኛ ለመታጠብ ነው የመጣነው» በሉ። እግራችሁን ስትነክሩ «የእኛ» የሚል ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ፤ በርበራ መቼም የእኛ ሆና አታውቅም። ከዚያ ይልቅ ባልየው ስለ ማኮብኮቢያው ያውራ፦ ሶቪየቶች ሠርተውት፣ ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚረዝም አሜሪካኖች የጠፈር መንኮራኩራቸው ቢቸግረው እንዲያርፍበት ተከራይተውት ነበር። ወይም ስለ እንግሊዛዊው አሳሽ ሪቻርድ በርተን፤ ሐረርን አይቶ በተመለሰ በወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1855፣ እዚሁ ባሕር ዳር ላይ ጦር በአንድ ጉንጩ ገብቶ በሌላው ወጥቶበታል። ማታ አሣ ይቀርባል። አሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚያ አታንሡት፤ በልቶ አዲስ አበባ ላይ መከራከር ይሻላል።

በመጨረሻ ሼኽ። ከበርበራ ሜዳ ተነሥቶ በጎሊስ ተራሮች እየተጠማዘዘ የሚወጣው መንገድ እውነት ያምራል፤ ከታች ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ ጭጋግ የመሰለው ባሕር። ነፋሱ ይቀዘቅዛል። እሜቴ ደረቷን ይዛ «ኧረ ከፍታው!» ትላለች። እዚህ ላይ ስልኩን አውጥቶ ከፍታ የሚለካ ባል ትዳሩን አይወድም። ሼኽ ከ1,500 ሜትር አያልፍም፤ ማለትም ቃሊቲ ከእናንተ በላይ ናት። የአገሩ ትልቁ ተራራ ሽምቢሪስ እንኳ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ እንጦጦ ቁልቁል ያየዋል። እሱ ደግሞ በምሥራቅ፣ ጸጥታው ባልረጋበት በሳናግ በኩል ስለሆነ ይቅርባችሁ። ዝም ብላችሁ ተገረሙ። ተራራ ዳገቱን ለወጣው ሁሉ ተራራ ነው፤ ፎቶው ላይ ቁጥር አይጻፍም።

ስትመለሱ ለእናት ኡንሲ ግዙ፤ ከሰል ላይ ሲጨስ ቤቱን ለሳምንት ያውዳል። ለእህት ድሪዕ የሚሰፋበት ስስ ጨርቅ ይሆናል። ብርድ ልብስ ግን ከዚያ ተሸክማችሁ አትምጡ። ከጅግጅጋ በኋላ ፍተሻ አለ፣ ቀረጥ አለ፣ ከአውቶቡስ ውረዱ መባል አለ፤ ያው ብርድ ልብስ ደግሞ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። እዚያ ግዙት። ፌስታሉን ብቻ ከሐርጌሳ ይዛችሁ ኑ።